ኔትወርክ ሳይኖረው ማን ነገረው?

ነገሩ የተጀመረው ዓባይ በረሃ ውስጥ ነው። የጎጃም መንገድ እንደ ልብ በሚኬድበት ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ እየሄድኩ ነበር። ጎሐ ጽዮንን አልፈን ቁልቁለቱን እንደጀመርን ኔትወርክ ጠፋ። የሁሉም ሰው ጠፋ። ከኋላ ወንበር ቲክቶክ እያዩ ሲስቁ የነበሩት ልጆች ጸጥ አሉ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ቪዲዮው መሐል ላይ ቆመበት። ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠጋ፣ ወደ ላይ ከፍ አደረገ፣ መጨረሻ ላይ ኪሱ ከተተው።

እኔ ማታ ቤት ሆኜ የኢትዮጵያን ካርታ በዋይፋይ ዳውንሎድ አድርጌ ነበር። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል የሚሉትን አፕ ልሞክረው ብዬ። ከፈትኩት። ሰማያዊዋ ነጥብ መንገዱ ላይ ቁጭ ብላለች። አውቶቡሱ ሲታጠፍ ትታጠፋለች፣ ሲቆም ትቆማለች። ከጎኗ የከፍታ ቁጥር አለ። ላይ ሳለን 2,500 ሜትር ገደማ የነበረው እየወረደ እየወረደ፣ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ወደ 1,000 ተጠጋ። ጆሮዬ ይደፈናል፣ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፣ ቁጥሩም አብሮ ይወርዳል። ስልኩ ግን ጥግ ላይ «አገልግሎት የለም» እንዳለ ነው።

አጠገቤ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ከሱሉልታ ጀምሮ ብዙም አላወራንም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እቃ ያዘለ ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ውጭ ውጭውን ያያሉ። ስልኬን ሲያዩ ግን ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ይቺ የምትሄደው ምንድን ናት?»

«እኛ ነን እናቴ። አውቶቡሱ ናት።»

ትንሽ አዩአትና፣ «እነዚህ ልጆች ኔትወርክ የለም ይላሉ። ያንተ አለ?»

«የእኔም የለም።»

«ታዲያ ማን ነገረው?»

ሳተላይት ነው አልኳቸው። «ሳተላይቱ ያየናል በለኛ!» አሉ። ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም ነበር፤ ዝም አልኩ። እሳቸው ግን አልለቀቁኝም። ደጀንን ወጥተን ደጋው ላይ ስንደርስ፣ «እስቲ የእኔን አገር አሳየኝ» አሉኝ።

የመንደራቸውን ስም ነገሩኝ። ፈለግኩት፣ የለም። ፊደሉን እየቀያየርኩ ሞከርኩ፣ የለም። ካርታውን በጣት እየለጠጥኩ አቀረብኩት። ዋናው መንገድ አለ፣ የትኖራ አለች፣ ሉማሜ አለች። ከመንገዱ ወጣ ሲሉ ግን ባዶ ነው። መንገድ የለ፣ ወንዝ የለ፣ አንድም ጽሑፍ የለ።

«የለም?»

«የለም እናቴ።»

አልተቀየሙም። ወደ መስኮቱ ዞሩና በጣታቸው ያሳዩኝ ጀመር። «ያ ጉብታ ይታይሃል? ከእሱ ወዲያ ማርያም አለች። ከማርያም ዝቅ ሲል ቅዳሜ ገበያ። ከገበያው ወዲያ ወንዝ አለ፣ ክረምት ሲሆን የሚሞላ፣ በአንድ ወቅት ከብት ከነእረኛው የወሰደ። ከወንዙ ማዶ የእኛ ቤት ነው።» ጣታቸው መስታወቱን እየነካ ይሄዳል። የመስኮቱ መስታወት ላይ አንድ ሙሉ አገር አለ። የስልኬ መስታወት ላይ፣ እዚያው ቦታ፣ ምንም የለም።

ሉማሜ ላይ ሲወርዱ ፌስታላቸውን አቀበልኳቸው። መረቁኝና ስልኬን በአገጫቸው እያሳዩ፣ «የለም ካልክ ጻፍበታ!» አሉኝ።

ሰማዩ ምን ያውቃል?

ባሕር ዳር ከደረስኩ በኋላም ሁለቱ ንግግራቸው ከጆሮዬ አልጠፋም። «ማን ነገረው?» እና «ጻፍበታ!»። መጀመሪያ የመጀመሪያውን ያዝኩ።

ስልካችን ውስጥ ያለው ጂፒኤስ ኔትወርክ የማይፈልገው ለማንም ምንም ስለማይልክ ነው። ሥራው መስማት ብቻ ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራሉ። እያንዳንዱ ያለማቋረጥ ሁለት ነገር ያውጃል፦ «ሰዓቱ ይህ ነው፣ እኔ ያለሁት እዚህ ነው»። ስልኩ ይህንን ሲሰማ መልእክቱ ለመድረስ የፈጀውን ጊዜ ያሰላል። መልእክቱ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ስለሆነ ከጊዜው ርቀቱን ያገኛል። ከሦስት ሳተላይት ያለውን ርቀት ካወቀ ቦታውን ያውቃል። አራተኛው የሚያስፈልገው የስልካችን ሰዓት እንደ ሳተላይቱ የአቶም ሰዓት ልክ ስላልሆነ ነው። የ1 ሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስህተት ብቻ መሬት ላይ 300 ሜትር ነው።

ስለዚህ ለእኒያ እናት መመለስ የነበረብኝ «አያየንም» ብዬ ነው። ሬዲዮ ጣቢያ ማን ቤት ውስጥ ማን እየሰማው እንደሆነ እንደማያውቅ ሁሉ፣ ሳተላይቱም ዓባይ በረሃ ውስጥ አንድ አውቶቡስ እየወረደ እንደሆነ አያውቅም። የት እንዳለን ለሌላ ሰው የሚናገር ካለ ስልካችን ራሱ ነው፤ እሱም በአብዛኛው ኢንተርኔት ሲያገኝ፣ እኛ በፈቀድንላቸው አፖች በኩል። ይህ ልዩነት ለእኔ ትልቅ ነው። የቦታ ፈቃድ የሚጠይቅ አፕ ሲመጣ ቆም ብዬ የማነብበው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሸለቆው ውስጥ ያየኋት አንዲት ነገርም ያን ጊዜ ተፈታችልኝ። ገደሉ ሥር ሥሩን ስንሄድ ነጥቧ አንዳንዴ ከመንገዱ ወጥታ ትዘልል ነበር። የመንገዱ ጥፋት መስሎኝ ነበር። ለካ የገደሉ ግድግዳ ግማሹን ሰማይ ይጋርዳል። የሚሰሙት ሳተላይቶች ያንሳሉ፣ ከድንጋዩ ነጥሮ የሚመጣ ድምፅም ሂሳቡን ያዛባል። ድልድዩ ጋ ሰማዩ ሰፋ ሲል ተመልሳ መስመሯን የያዘችው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ በነጻ መሆኑ ራሱ ታሪክ አለው። ጂፒኤስ የአሜሪካ ጦር የሠራው ነው። የመጀመሪያው ሳተላይት የመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነበር። በ1983 አንድ የኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን መንገዱን ስቶ ሶቪየት ኅብረት ክልል ገባና ተመቶ ወደቀ፤ 269 ሰዎች አለቁ። አሜሪካ ሥርዓቱ ለሲቪሎችም ክፍት እንደሚሆን ያስታወቀችው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያም ቢሆን ለሲቪሉ የሚሰጠው ሆን ተብሎ ይዛባ ነበር፤ እስከ 100 ሜትር ያሳስት ነበር። ያ ማዛባት የቆመው በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ስልኮቻችን የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮ፣ የቻይናውን ቤይዱም ጨምረው ይሰማሉ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ልቤን የነካችው ግን አንዲት ሴት ናት፤ ግላዲስ ዌስት ትባላለች። ቨርጂኒያ ውስጥ ከአራሽ ቤተሰብ የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት የሒሳብ ሊቅ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ በአንድ የባሕር ኃይል ጣቢያ ሠርታለች። ምድር ድቡልቡል ብትመስልም ድፍን ክብ አይደለችም፤ እዚህ ጎበጥ እዚያ ሰርጎድ ትላለች። ይህንን ቅርጽ በትክክል ካላሰሉት በሳተላይት ቦታ ማወቅ አይሆንም። ያንን ስሌት በዘመኑ ኮምፒውተሮች ከሠሩት አንዷ እሷ ነበረች። ሰፊው ሕዝብ ስሟን የሰማው ጡረታ ከወጣች ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ የአሜሪካ አየር ኃይል ያከበራትም በ2018 ነው። እያንዳንዱ ስልክ ውስጥ የእሷ ላብ አለ። ስሟ ግን ለስንት ዘመን አልተጻፈም።

ስም ከላይ አይታይም

ወደ «ጻፍበታ!» የተመለስኩት እዚህ ላይ ነው። ሰማዩ የሚሰጠን ቁጥር ነው። «ከምድር ወገብ ይህን ያህል ወደ ሰሜን ነህ፣ ይህን ያህል ወደ ምሥራቅ ነህ» ይለኛል እንጂ ሉማሜ ነህ አይለኝም። ሉማሜ የሚለውን የጻፈ ሰው አለ። ማነው?

ያወረድኩት አፕ የሚጠቀመው ኦፕንስትሪትማፕ የሚባለውን ካርታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ኮስት የሚባል እንግሊዛዊ የጀመረው ነው። እንደ ውክፔዲያ ማንም ሰው አካውንት ከፍቶ መጨመርና ማረም ይችላል። ይህንን ሳነብ ደስም አለኝ፣ ከበደኝም። ባዶው ቦታ ባዶ የሆነው ማንም ስለከለከለው አይደለም። ማንም ስላልጻፈበት ብቻ ነው። እሳቸው ከእኔ ቀድመው ያወቁትን ነገር እኔ ለማወቅ ይህን ያህል ዞርኩ።

በጥር 2010 እ.ኤ.አ. ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ የዋና ከተማዋ ዝርዝር ካርታ በዚህ ሥርዓት ውስጥ እምብዛም አልነበረም። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ የሳተላይት ፎቶ እያዩ፣ መንገዱንና ቤቱን በቀናት ውስጥ ሠሩት። እርዳታ ሠራተኞቹ ይህንኑ ይዘው ገቡ። ዛሬም እንዲህ የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ የእኛም አገር ገጠር መንገዶች ብዙዎቹ በማያውቋቸው ሰዎች እጅ የተሣሉ ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይኸው ነው።

ግን የሰው እጅ ከሩቅ ሊያደርግ የሚችለው የሚታየውን መሣል ነው። ጣሪያ ከላይ ይታያል። መንገድ ይታያል። ወንዝ ይታያል። ስም አይታይም።

እኔም ከሉማሜ ተነስቼ ፍለጋዬን ጀመርኩ። የሳተላይት ፎቶውን ያዩ ሰዎች ያውቁታል፤ የጎጃምና የጎንደር እርሻ ከላይ ሲታይ በጋ ላይ ቡናማ ነው፣ ጥርብ ጥርብ ያለ። በመሐሉ ክብ ክብ አረንጓዴ ነገሮች ጣል ጣል ብለዋል። እያንዳንዱ ክብ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በጣም ሲያቀርቡት መሐሉ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያው ብልጭ ይላል። ሌላው ዛፍ ለእርሻና ለማገዶ ሲያልቅ፣ ስለት ያለበት ዛፍ አይነካምና እሱ ቀረ። እኔ ያን ያህል ዘመን በመንገድ ሳልፍ ያላየሁትን ከላይ ሆኜ አየሁት።

ታዲያ የትኛዋ ናት ማርያም? በአካባቢው ክቡ ብዙ ነው። እናትየው የነገሩኝን ተከተልኩ። ከጉብታው ወዲያ፣ ዝቅ ሲል ገበያ። ገበያ ከሰማይ እንዲህ ነው፦ ሣር የማያበቅል የተራገጠ ሜዳ፣ ከየአቅጣጫው ቀጫጭን የእግር መንገዶች ወደ እሱ ሲሰበሰቡ። አንድ ቦታ ላይ ይህንን አገኘሁ። ከሜዳው ወዲያ ጥቁር የዛፍ መስመር እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ወንዙ መሆን አለበት። ከማዶው ቤቶች አሉ። ስክሪኑን እያየሁ የእኒያ እናት ጣት መስታወቱ ላይ ሲሄድ ይታየኝ ነበር።

ቢሆንም በግምት አይጻፍም። የካርታው ደንብም መሬት ላይ ያለውን የሚያውቅ ሰው ይጻፍ፣ ከሌላ ካርታ አትገልብጡ ይላል። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነውና የዚያን አገር ልጅ ፈለግኩ። በጓደኛዬ በኩል ሉማሜ ተወልዶ ያደገ አንድ አስተማሪ አገኘሁና ፎቶውን በቴሌግራም ላክሁለት። ማርያምን አረጋገጠልኝ። ገበያውንም። ወንዙ ግን ላይኛውና ታችኛው ሁለት ስም እንዳለው፣ ከድልድዩ በላይ ያሉ ሰዎች በአንዱ፣ በታች ያሉት በሌላው እንደሚጠሩት ነገረኝ። ከዚያም ሳልጠይቀው የትምህርት ቤቱን፣ የወፍጮ ቤቱን፣ የምንጩን ስም ደረደረልኝ። ሌሊት ስድስት ሰዓት አልፎ ሁሉ በድምፅ ይልክልኝ ነበር። ሰው ስለ ተወለደበት ቦታ ሲጠየቅ ምን ያህል እንደሚደሰት ያን ጊዜ አየሁ። ለካ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ጻፍኩት። በፊደላችን ጻፍኩት። በላቲን ሲጻፍ አንዱ በአንድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ስለሚጽፈው ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። አፑ ካርታውን በሚቀጥለው ሲያድስ መንደሯ በስሟ መጣች። ለእናትየው ልነግራቸው ስልካቸው የለኝም። አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ ቢያገኟት ብዬ እመኛለሁ።

የፈረሰ ሰፈር

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ካወጣው በኋላ ግን የሚጠብቀው ሰው ነው፤ ይህንን ያሳየችኝ አዲስ አበባ ናት።

እዚህ ከተማ ውስጥ በቤት ቁጥር እንግዳ የሚቀበል ሰው አይቼ አላውቅም። በራይድ ታክሲ ብንጠራ፣ ነጥቡ ስልኩ ላይ እያለ ሾፌሩ ይደውላል። «የት ጋ ነህ?» «ከፋርማሲው ከፍ ብሎ፣ ሰማያዊው በር።» ሾፌሩ ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ነጥቡ ቁጥር ነው፤ የሚነዳው በስም ነው። ሰንጋ ተራ ዛሬ ሰንጋ የሚሸጥበት የለም፣ የባንክ ፎቅ ነው ያለው። ስሙ ግን አለ። ሰባራ ባቡርም እንዲሁ፤ ተሰበረ የተባለውን ባቡር ያየ ሰው ዛሬ የለም፣ ታክሲው ግን በስሙ ይጠራል።

በ2024 እ.ኤ.አ. ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ አሜሪካ ያለች አክስቴ ደወለችልኝ። ልጅነቷ እዚያ ነው። አዲሱን የሳተላይት ፎቶ ከፍታ ስታይ ሰፈሯን አጣችው። «ያቺ ጣሪያ የት ሄደች?» አለችኝ። ቤቱ እንደሚፈርስ ሰምታ ነበር፤ መስማትና ማየት ግን ለየቅል ነው። ድምፅዋ ተሰበረ። ማጽናኛ ቃል አልመጣልኝም። ስለዚህ ጠየቅኳት፦ «እስቲ ከላይ ጀምረሽ ንገሪኝ፤ ማን አጠገብ ማን ነበር?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትወጣ ድምፅ ትልክልኛለች። ወፍጮ ቤቱ የት እንደነበረ፣ ውሃ የሚቀዳበት ቦኖ የት ጋ እንደነበረ፣ የትኛው መተላለፊያ በማን ስም ይጠራ እንደነበረ። የማላውቀው ነገር ብዙ ነው፤ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ እኮ! የድሮውን ፎቶ ከአዲሱ ጎን ለጎን አድርጌ ስትናገር እከተላታለሁ።

ይህን ካርታው ላይ ማስቀመጥ ቀላል አይደለም። ደንቡ የፈረሰ ነገር ከካርታው ይውጣ ነው፤ ካርታው የሚያሳየው ዛሬ መሬት ላይ ያለውን ነው። ደንቡ ተገቢ ነው፣ የሌለ ቤት ፍለጋ ሰው እንዳይንከራተት። ነገር ግን ሰዎች አሁንም የሚጠሩበት ስም ከሆነ፣ ሕንጻው ባይኖርም ስሙ ይቆያል። መንገዱ አዲስ ስም ሲሰጠው ደግሞ የቀድሞው ስም የሚቀመጥበት ሳጥን አለ። የመተላለፊያዎቹን ነገር ግን ለብቻዬ መዝገብ ይዤላቸዋለሁ፤ ካርታው ባይቀበላቸው እንኳ ተጽፈው ይቀመጡ ብዬ።

ሰሞኑን የያዘን አንድ ነገር አለ። አክስቴና እዚሁ ያለው ታላቅ ወንድሟ በአንዱ መተላለፊያ ስም አልተስማሙም። እሷ በባለ ሻይ ቤቷ ስም ይጠራ ነበር ትላለች። እሱ ከሻይ ቤቱ በፊት በነበረ ልብስ ሰፊ ስም ነው የምናውቀው ይላል። በኔ በኩል ነው የሚከራከሩት፤ የእሷን ድምፅ ለእሱ፣ የእሱን ለእሷ አስተላልፋለሁ። ከአሥራ ምናምን ዓመት በኋላ እንደገና በየቀኑ ማውራት ጀምረዋል። መዝገቡ ላይ ሁለቱንም ስም አስገብቻለሁ፣ እገሌ ነው ብሎ የሚያረጋግጥ ሦስተኛ ሰው እስኪገኝ። ዶሮ ማነቂያ ያደጋችሁ ካላችሁ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወደ ታች የሚወስደውን ጠባብ መተላለፊያ ምን ብላችሁ ትጠሩት ነበር?